የእታለም ስልሳ አንድ ድምፆች

ክሊኒኩ ውስጥ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ከዘበኛዋ ጀምሮ እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሁሉም ሽቦ ነው የሚሉት። ከሲታ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ። እሱን ከጠየቁት «ሁለቱም ልክ ነው» ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

ሥራው የክሊኒኩን ኮምፒዩተሮች መጠበቅ ነው። ክሊኒኩ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ወድቀው የተሰበሩ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ምላሳቸው የተሳሰረ ሰዎች እንደገና መራመድና መናገር የሚለማመዱበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የሽቦ ክፍል ደረጃው ሥር ናት። ጣሪያዋ ያጋደለ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው በሩ ጋ ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ወጥቷል፤ አሁንማ ሜዳ ላይም ጎበጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

አንድ አመል አለው። ሌላ ሰው የሠራውን ፕሮግራም አያምንም። ሰው ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ የሚጨርሰውን ነገር እሱ ቁጭ ብሎ ከባዶ ይጽፈዋል፤ ያውም ሲ በሚባለው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ሌሎቹ ቋንቋዎች ያባብሉሃል፤ ሲ ግን ስትሳሳት ዝም ብሎ ያይሃል» ይላል። ይሄንን ሲል የሚወደውን ጓደኛ እንደሚያማ ሰው ፈገግ ይላል።

ሽቦ ሚስት አላገባም። የሚኖረው ከታላቅ እኅቱ ጋር ነው፤ እታለም ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ ሁለት። ከዚያ በኋላ አፍንጫውን የጠረገችለት፣ ቁጥር ያስቆጠረችው፣ የደበደቡትን ልጆች በራቸው ድረስ ሄዳ ያስለቀሰችለት እሷ ናት። ካደገች በኋላ ስልክ ቤት ተቀጠረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖረች። ከተማው ውስጥ መልኳን የማያውቅ ድምፅዋን ግን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነበር። አንድ ቀን ጫማ ልትገዛ ገብታ «ሠላሳ ስምንት ቁጥር አላችሁ?» ስትል ባለሱቁ ቀና ብሎ፣ «እርስዎ የስልኳ ሴትዮ አይደሉም እንዴ?» ብሏታል። ይሄንን ታሪክ ሽቦ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ መቶ ጊዜም ሥቋል።

ታዲያ አምና አንድ ጠዋት እታለም ሻይ ልትቀዳ ስትል ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ። ሽቦ «ተይው እኔ እጠርገዋለሁ» አላት። መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ስትሮክ ነበር። እግሯና እጇ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ንግግሯ ግን እምቢ አለ። ሁሉንም ነገር ትሰማለች፣ ሁሉንም ነገር ታውቃለች። ግን «ውሃ» ልትል ስትፈልግ ቃሉ ከጉሮሮዋ በታች የሆነ ቦታ ይጠፋባታል። የሚገርመው ስድቧ አልተነካም። «የት አባክ!» ስትል እንደ ድሮዋ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው። የንግግር ሐኪሟ ይሄ ያለ ነገር ነው፣ ስድብና የተለመደ ቃል ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው ብላ አስረድታዋለች። ሽቦ ግን በልቡ «እኔን ለመስደብ እግዜር ያተረፈላት ነው» ብሎ ደምድሟል።

የንግግር ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትቋጥር ሴት። ማክሰኞና አርብ እታለምን ትቀበላታለች። ሁልጊዜ አንድ ሥዕል ታሳያታለች። ሥዕሉ ላይ ባቡር ጣቢያ አለ፤ አንድ ሰውዬ ሻንጣ ይዞ ይሮጣል፣ ሻንጣው ተከፍቶ ልብስ ይንጠባጠባል፣ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ሆና ትሥቃለች፣ ውሻ የወደቀ ካልሲ ነክሷል። እታለም ያየችውን ትናገራለች፤ ሁለት ደቂቃ ይቀዳል። ሌሎቹን ታማሚዎች አትቀዳም፤ ይሄንን ለሙከራ የጀመረችው በእታለም ነው። መቅጃውን የገጣጠመው፣ የሚቀዳውንም ፕሮግራም የጻፈው ሽቦ ነው። የታማሚ ነገር ገመና ነው ብሎ ፋይሎቹ ላይ ስምም ቀንም እንዳይጻፍ አደረገ። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ የተደበላለቀ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚታወቀው ማሽኑ ራሱ ፋይሉ ላይ በሚመታው ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሆነ። ከዚያ አንድ አርብ እታለም ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና «በቃ» አለች።

«ምኑ ነው በቃ እታለም?» አላት ሽቦ።

በጣቷ በሩን አሳየችው። ሥዕሉን፣ ወንበሩን፣ አፏን። ከዚያ እጇን ወደ ታች ጣለችው። ለውጥ የለም፣ ደክሞኛል፣ አልመጣም ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ተከትላ ወጣች። «እትዬ፣ እንደዚህማ አይሆንም! ተለውጠዋል እኮ! እርስዎ ስለማይሰሙት ነው።»

«በቃ።»

«እሺ፣ ማክሰኞ ይቅር። ሐሙስ አንድ ቀን ብቻ ይምጡልኝ። አላስጠናዎትም፣ ሥዕልም የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀዳውን በተርታ አሰማዎታለሁ። ከሰሙ በኋላ አሁንም በቃ ካሉ እኔ ራሴ በር ድረስ እሸኝዎታለሁ። ተስማማን?»

እታለም ፊቷን አየቻትና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ሽቦ ትንፋሹ መለስ አለለት። እታለም ልምምዱን ከተወች ቤት ውስጥ ዝም ብላ ልትቀር ነው፤ ያቺ ከተማውን ሙሉ ስታገናኝ የኖረች ሴት። 

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ነው። የሐኪሟ ክፍል ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር አርጅቶ እንደ ወፍጮ ያንጓጓ ነበርና አዲስ መጣለት። ሽቦ ድምፆቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሊያሻግር ነው።

«እኔ ላሻግራቸው እችላለሁ እኮ ጋሼ» አለችው ሐኪሟ። «ኮፒ ማድረግ ነው አይደል?»

ሽቦ እጁን አነሳ። «እንዳትነኪ! ዝም ብለሽ ኮፒ ካደረግሽ ቀኑ ይጠፋል። ሁሉም ዛሬ የተቀዳ ይመስላል። የሐሙሱ ነገር አበቃ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ለዚህማ እኔ አለሁ።» አፉን ሞልቶ ነው ያላት።

ሄዶ ጻፈ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል ይከፍታል፣ ወደ አዲሱ ዲስክ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ የድሮውን ቀን ከአሮጌው ላይ አንብቦ «ለአዲሱም ይሄንኑ ቀን ስጥልኝ» ብሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል። መጠየቂያው ዩታይም ይባላል፤ ማሽኑን ከሚያስተዳድረው ክፍል ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩበት ጥሪ ነው። ሽቦ ጠንቃቃ ስለሆነ ማጣሪያም ጨመረበት። ቀኑ ከተቀየረ በኋላ ፕሮግራሙ መልሶ ጠይቆ ቀኑን ስክሪን ላይ ያሳያል። አስነሳው። ስልሳ አንድ መስመር በዐይኑ ፊት ወረደ፤ ስልሳ አንዱም ትክክለኛ የድሮ ቀን ነበር። ሽቦ እጆቹን አፋተገና ስክሪኑን ዘጋው።

ከዚያ ደግሞ የባሰውን አደረገ። የታማሚ ድምፅ ሜዳ ላይ አይጣልም ብሎ የአሮጌውን ማሽን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አጠፋው። በማጥፋት ብቻ አልተወውም፤ ማንም ቆፍሮ እንዳያወጣው በላዩ ላይ ባዶ ጻፈበት። ንብረት ክፍል ለሚሠራው ለወፍራሙ ባልንጀራው ሲያስረክበው፣ «ንጹሕ ነው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ» አለው።

«ካንተ የወጣ ነገርማ ምን ነፍስ ይተርፈዋል» አለው ባልንጀራው፤ እያለከለከ ተሸክሞት ሄደ።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሐኪሟ ደረጃው ሥር መጥታ በሩን አንኳኳች። አንገቷን ብቻ አስገባች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ድምፆቹን ከፈትኳቸው። ሁሉም ሰኞ ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው ሁሉም ሰኞ?»

«ሁሉም። ስልሳ አንዱም። ሰኞ፣ ያውም ያው ደቂቃ።»

ሽቦ ሊነሳ ሲል ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር አጋጨው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። እየሮጠ ወጥቶ አየ። እውነት ነው። ተመልሶ የጻፈውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አነበበው። ምንም የለም። ደግሞ አነበበው። ሦስተኛው ላይ አገኘው።

ቀኑን ያስቀየረው ፋይሉ ገና ክፍት ሆኖ ነው። የድምፁ የመጨረሻ ቁራጭ ገና ዲስኩ ላይ አልደረሰም፤ ለጊዜው ማሽኑ እጁ ላይ ይዞት ነበር። ፕሮግራሙ «ፋይሉን ዝጋ» ሲለው ያችን የቀረችውን ቁራጭ አፈሰሰና እንደ ደንቡ «አሁን ተጻፈ» ብሎ በላዩ ላይ አዲስ ሰዓት መታበት። ፖስታ ላይ ማኅተም ከመቱ በኋላ መልሶ ከፍቶ አንድ መስመር እንደ መጨመር ነው፤ ፖስታ ቤቱ እንደገና ይመታበታል። ሽቦ ያጣራውም ከመዝጋቱ በፊት ነው። ስለዚህ ባጣራበት ሰዓት ቀኑ ልክ ነበር፤ ከአንዲት ብልጭታ በኋላ ግን ጠፋ። መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ ቀኑን ቀይር፤ ሁለት መስመር ቦታ ቢለዋወጡ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሮጌው ማሽን ደግሞ እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነው።

ሐኪሟ ስትሰማ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «የቀጠሮ ደብተሬ አለ። ግን እሱ ላይ ቀን ብቻ ነው ያለው። የትኛው ድምፅ በየትኛው ቀን እንደሆነ በምን ላውቅ? ሁልጊዜ ያው ሥዕል፣ ያው ውሻ! እኔ ደግሞ በሳምንት አርባ ሰው ነው የማየው ጋሼ።»

«እኔ ነኝ» አለ ሽቦ። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

«አሁን እትዬን ምን ይሏቸዋል?»

«እውነቱን ነዋ። ሌላ ምን እላታለሁ?»

ይሄንን ሲል የደፈረ ይመስላል፤ ቤቱ እስኪደርስ ግን ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር ቆሟል። ስድስት ዓመቱ ላይ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም ያቃተው ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራም። ያን ቀን እታለም ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ተገርፋለታለች።

ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ዳቦና ሾርባ። ማንኪያውን ሳያነሳ ነገራት። ከዘጋ በኋላ መሆን የነበረበትን ከመዝጋቱ በፊት እንዳደረገው፣ አሮጌውን እንዳጠፋው፣ ሐሙስ በተርታ የሚሰማ ነገር እንደሌለ። ዐይን ዐይኗን ሳይሆን ሾርባውን እያየ ነው የነገራት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ «የት አባክ!» አለች።

«ይገባኛል።»

«የት አባክ!» ደገመችው። ከዚያ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽቦ አለቀሰች ብሎ ደንግጦ ቀና ሲል እየሣቀች ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰውን ሥራ እያጣጣለ የኖረ ወንድሟ በገዛ እጁ ሲወድቅ ማየት ሳያስቃት አልቀረም። ሣቋ ሲበርድላት ጆሮዋን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ደረቷን። «አም… አም…» አለች፤ ቃሉ አልመጣ ሲላት በእጇ «ወደዚህ» አለችው።

«ምኑን ላምጣ? ድምፆቹን?»

ነቀነቀች።

ረቡዕ የሽቦ የዕረፍት ቀን ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕ ጠዋት ማንም አይቀሰቅሰውም። ያን ቀን ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድምፆቹን በላፕቶፕ ይዞ፣ የሐኪሟን የቀጠሮ ደብተር ጨምሮ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ስልሳ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቆርጦ በእያንዳንዱ ላይ የፋይሉን ቁጥር ጻፈ። ደብተሩ ላይ ስልሳ አራት ቀጠሮ አለ።

«ሦስቱ የት ሄዱ?» አለ።

እታለም አሰበች። አንዷን ጣት አንስታ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አሳየችና እጇን ጨበጠች። መብራት የጠፋ ቀን። ሁለተኛዋን አንስታ አፏን በመዳፏ ከደነች፤ አልናገርም ያለች ቀን። ሦስተኛዋ ላይ ሐኪሟን አስመሰለች፤ እርሳስ ከፀጉሯ እንደምትመዝ አድርጋ፣ መቅጃውን መጫን ረስታ ግንባሯን እንደምትመታ። ሽቦ ትን እስኪለው ሣቀ።

መስማት ጀመሩ። የመጀመሪያው ድምፅ «እ… እ… እእ…» ብቻ ነበር፤ ከኋላ የዝናብ ድምፅ አለበት። ሽቦ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ እጁን መታችው። ዐይኗን ጨፍና ሰማች። ድሮ ስልክ ቤት ስትሠራ ሽቦ አንዳንዴ ሊጠይቃት ይሄድ ነበር፤ እንደዚህ ዐይኗን ጨፍና ነበር መስመር የምትሰማው። ወረቀቱን ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ወደ ታችኛው ጫፍ አስቀመጠችው፤ ከላይ ወደ ታች ልትደረድራቸው ነው።

«እንዴ! ይሄ እኮ የመጀመሪያው ነው የሚመስለው እታለም። ምንም ቃል የለውም።»

ራሷን ወዘወዘች። አይደለም። ጣቷን እንደ ዝናብ ጠረጴዛው ላይ አንቀሳቀሰች። ዝናቡን ታውቀዋለች፤ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። መጀመሪያ ስትመጣ ደረቅ ነበር፤ ጎረቤት ግንባታ ነበረ፣ መዶሻ ይሰማ ነበር።

ሽቦ አልተዋጠለትም። በሐሳቡ ነገሩ እንደ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም ቃል የሌለበት፣ መጨረሻ ላይ ብዙ ቃል ያለበት፤ በዚያ ቅደም ተከተል ቢደረደር ያልቃል፤ ሐሙስም ደስ የሚል ነገር ይሰማል። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ መጀመሪያው ገፋው። እሷ መልሳ አወረደችው። ገፋው። አወረደችው።

«ደህና ደህናውን ወደ መጨረሻ ብናደርገው ምን አለበት? ለሐሙስ ያምራል!»

እታለም ፊቷ ተለወጠ። ጠረጴዛውን በመዳፏ ደበደበችው። «ው… ው… ው-ሸት!»

ሽቦ እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ይሄንን ቃል ስትል ከስትሮኩ በኋላ ሰምቶ አያውቅም። እሷም ራሷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እንደዋዛ ወደ ወረቀቶቿ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ በጣቷ መስኮቱ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየችው። የስልክ ቤት ጓደኛዋ ናት፤ አብራት ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጠች፣ ክረምት መግቢያ ላይ የሞተች። ያን ሳምንት ነበር እታለም ሥዕሉን እያየች አንድም ቃል ያልወጣላት። ቀብሩ ላይ ይዟት የሄደው ሽቦ ራሱ ነው፤ ግን ከድምፁ ጋር አላገናኘውም።

«ይቅርታ» አለ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ከዚያ በኋላ እሱ ማጫወት ብቻ ሆነ ሥራው፤ እሷ ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ ወረቀት ታስቀምጣለች። ሐኪሟ ጉንፋን ይዟት ያነጠሰችባቸውን ሦስቱን አንድ ላይ አደረገቻቸው። መዶሻ የሚሰማባቸውን ከላይ። «ውሻ» ማለት የቻለችበትን አወቀችው፤ «ካልሲ» ስትል «ካሊሲ» ያለችበትን ሰምታ ራሷ ሣቀች። ምሳ ሰዓት አልፎ ሁለት ወረቀት ብቻ ተረፈ። ደግማ ሰማቻቸው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሰማቻቸው። ትከሻዋን ሰበቀች።

«በግምት አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው?»

«አይ።»

«እሺ፣ ሰኞ እንዳሉ ይቅሩ።»

ሽቦ ወረቀቶቹን ከደብተሩ ቀኖች ጋር አገናኘና አዲስ ፕሮግራም ሊጽፍ ተቀመጠ። እታለም ወንበሯን ስባ ጎኑ መጣች። እንደ ልጅነቱ የቤት ሥራውን ስታየው እንደነበረው፣ አገጯን መዳፏ ላይ አድርጋ። እሱም እየጻፈ ያስረዳት ጀመር።

«ማሽኑ ማክሰኞ አርብ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሰከንድ ብቻ ነው። ከሃምሳ ምናምን ዓመት በፊት ከነበረ አንድ ሐሙስ ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራል፤ እስካሁን አላቆመም። እኔ ቀኑን ስሰጠው ወደ ሰከንድ እቀይርለታለሁ። ከዚያ በጥሪው እነግረዋለሁ። አሁን ምንም የሚገለበጥ የለም፣ ምንም ክፍት ፋይል የለም። ገባሽ?»

«እሺ» አለችው፤ ቀጥል እንደማለት።

አስነሳው። በዚህኛው ጊዜ በፕሮግራሙ አላመነም፤ ከጨረሰ በኋላ በሌላ መንገድ ገብቶ ቀኖቹን አየ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ ደግሞ አየ። ከስልሳ አንዱ ሃምሳ ዘጠኙ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሰኞ ላይ ናቸው።

እታለም ከቀኑ ጎን ያለውን ሌላ አምድ በጣቷ ነካች። እዚያ ላይ የተስተካከሉት ፋይሎች ሁሉ «ረቡዕ፣ ዛሬ» ይላሉ።

«እሱ ደግሞ ሌላ ሰዓት ነው» አላት። «ፋይሉ መጨረሻ መቼ እንደተነካካ ነው የሚመዘግበው፣ ቀኑን እንኳ ብንቀይር እሱን ይጽፋል። ይሄንን በጥሪ መቀየር አይቻልም። እኔም አልችልም፣ ማንም አይችልም። ‹ረቡዕ ዕለት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አስተካክለውኛል› እያለ ነው።»

እታለም ይሄ ነገር ደስ ያላት መሰለች። ከዚያ ግን ወደ ቀኖቹ ተመለሰችና ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ትከተል ጀመር። አንዱን ነካችና በምልክት «አጫውት» አለችው። አጫወተ። ሌላ ነካች። ሌላ። ሁሉንም በተርታ አይደለም፤ እያለፈች፣ እየዘለለች። ፊቷ ኮስተር አለ። ሽቦ አዝናለች ብሎ ሰጋ። «ምነው እታለም?» ሲላት ተነስታ መኝታ ክፍሏ ገባች። ሽቦ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ቆየ። ነገ በቃ ልትል ነው፣ አበቃ ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ክፍሉን አስተካክላ ጠበቀቻቸው። ድምፅ ማጉያ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምራለች። ሽቦ በሩ ጋ ቆመ።

«እትዬ፣ ዝግጁ ነዎት? ከመጀመሪያው ልጀምር?»

እታለም እጇን ማጉያው ላይ ጫነች። «ሰማሁ» አለች። «ት… ትናንት። ሰማሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሐኪሟ ሽቦን አየችው፤ ሽቦ መሬቱን አየ። «እና… ምን ይላሉ ታዲያ? በቃ ነው?»

እታለም ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ቀኝ እጇ ለጽሕፈት ገና ስላልታዘዘላት ማታ በግራዋ የጻፈችው ነው፤ ፊደሎቹ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላሉ። ሁለት ሰልፍ ነው። በአንዱ በኩል የአርብ ቀኖች፣ በሌላው የማክሰኞ ቀኖች። አርቦቹ ጎን ላይ ቃል ተጽፏል፤ ውሻ፣ ሻንጣ፣ ሴትዮ፣ ይሮጣል፣ ትሥቃለች። የማክሰኞቹ ጎን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘችና ወደ ደብተሯ ሄደች፣ ገለጠች። «ማክሰኞ…» አለች ለራሷ። «ማክሰኞ ከእኔ በፊት የእግር ስፖርት አለብዎት። አንድ ሰዓት ሙሉ ያመላልሱዎታል። ደክሞዎት ነው የሚመጡት! እትዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ እኔ ይሄንን አላየሁም!»

«እኔም» አለች እታለም። ከዚያ ደግሞ አንድ አንድ ቃሉን እየጎተተች ቀጠለች። «ማክሰኞ… የለም። አርብ… እሺ። ማክሰኞ… የለም። ረ… ረቡዕ።»

«ረቡዕ ይሁን! ረቡዕ ክፍት ነኝ። ስንት ሰዓት ይመችዎታል?»

እታለም ጣቶቿን አወጣች። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና መልሳ አጠፈቻቸው። ቃሉ ብቻውን አልመጣ ሲላት ከአንድ ጀምራ ልትቆጥር ተነሳች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለችና እዚያው ላይ ቆመች።

«ሦስት ሰዓት» አለች ሐኪሟ፤ ጻፈችው። «ጋሼ፣ እርስዎ ያመጧቸዋል አይደል?»

ሽቦ በሳምንት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት የሚተኛበት ቀን ያው አንድ ረቡዕ ነበር። እታለም ዞራ እያየችው ነው።

«እኔ ነኛ» አለ።